ለአሮጌ ስልክ ብለን የአማናን በር አንከፍትም!

ወጣቶቻችን ለጀመዓው አፕ መሥራት ጀምረዋል፤ ማሻ አላህ! ነገር ግን በእነዚህ አፖች ውስጥ የሚያልፈው የሰደቃ ሰጪዎች ስም፣ የታሳሪ ቤተሰቦች ስልክ ቁጥርና የመድረሳ ልጆቻችን መዝገብ ነው። ይህ ሁሉ አማና ነው። ሆኖም አንድ ሰበብ ደጋግመን እየሰማን ነው፦ «የህዝባችን ስልክ አሮጌ ስለሆነ አሮጌውን የምስጠራ ፕሮቶኮልም ክፍት እንተወው።»

አንተወውም!

ስልኩና ሰርቨሩ መረጃ ከመለዋወጣቸው በፊት በየትኛው ፕሮቶኮል እንደሚመሳጠሩ ይስማማሉ። ሁለቱም አዲሱንም አሮጌውንም የሚቀበሉ ከሆነ፣ መሀል የገባ ሰላይ አዲሱን እያወከ ወደ አሮጌው ሊያወርዳቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው «ፑድል» የተባለው ጥቃት ብሮውዘሮችን ወደ ኤስኤስኤል 3.0 በማውረድ ይህንኑ አሳይቷል። እናም ለአሮጌው ስልክ ተብሎ የተተወው ቀዳዳ አዲስ ስልክ የያዘውንም ያጋልጣል።

ሰበቡ ራሱ ውሃ አያነሳም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አንድሮይድ 5.0 ቲኤልኤስ 1.2ን ያለ ምንም ማስተካከያ ይሠራበታል። አርሲ4 የተባለው ምስጠራ በቲኤልኤስ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1ም በ2021 በይፋ ተሽረዋል። «ጠንካራ ምስጠራ ርካሽ ስልክ ላይ ይንቀራፈፋል» ለሚሉም መልስ አለ፤ ኤኢኤስን የሚያፋጥን ክፍል በሌላቸው ስልኮች ላይ ቻቻ20 ፈጥኖ ይሠራል። ድሃው ለስንፍናችን ሰበብ አይደረግ!

ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ተመራጩ ቲኤልኤስ 1.3፣ ዝቅተኛው ወለል 1.2 ይሁን፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይዘጋ። ለሙከራ ተብሎ የጠፋው የሰርተፊኬት ማረጋገጫም ይመለስ፤ ያለ እርሱ ሚስጥራችንን ለማን እያስረከብን እንደሆነ አናውቅም። ስልኩ ይህን የማይችል ወንድም ወይም እህት ካለ፣ መልዕክቱን በእጃችን እናድርስ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሊገድሏቸው ከዶለቱባት ከተማ ሲወጡ እንኳ፣ በእጃቸው የነበረውን አማና ለባለቤቶቹ እንዲመልስ ዐሊን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ አስቀርተው ነበር። እኛ የወንድማችንን ስም ለመጠበቅ ጥቂት መስመር ኮድ ማስተካከል እንዴት ይከብደናል?

አላሁ አክበር!