ድር ሲያብር ማንን ያስራል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የኅብረትን ኃይል ያስተምረናል። ይሁን እንጂ በንግድ ዓለም ድሩ አንበሳውን ትቶ ገዢውን የሚያስርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የንግድ ድርጅቶች ሲዋሐዱ ሕግ ሊመረምራቸው ይገባል እላለሁ።

አንባቢ ሆይ፥ የመርካቶን አሠራር ልብ በል። በርበሬ ሻጩ በበርበሬ ተራ፥ ሸማ ሻጩ በሸማ ተራ ጎን ለጎን ሆነው ይነግዳሉ። የአንዱ ዋጋ ያልተስማማው ገዢ ጥቂት ተራምዶ ሌላውን ይጠይቃል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ሚዛኑን ያስተካክላል። የአንድ ተራ ሱቆች በሙሉ በአንድ ባለቤት እጅ ቢገቡስ? የሱቆቹ ቁጥር አይጎድልም፤ የሚጎድለው የገዢው ምርጫ ነው። ከበር ወደ በር ቢዞር የሚነገረው ዋጋ አንድ ብቻ ይሆናል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው አገልግሎቱ በሽቦ እስከ ቤት ድረስ የሚመጣ ሲሆን ነው፤ ደንበኛው እንደ መርካቶ ገዢ ወደ ጎረቤት ሱቅ በቀላሉ አይሻገርምና። በአሜሪካ ኮምካስት የተባለው የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ታይም ዋርነር ኬብልን በ45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማምቶ ነበር። ሁለቱ በዘርፉ ከሁሉ የገዘፉ ስለ ነበሩ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ተቃወሙ፤ ውሉም በተከታዩ ዓመት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ያንኑ ኩባንያ ቻርተር የተባለው ድርጅት እንዲገዛው ተፈቀደ፤ ለ7 ዓመት በኢንተርኔት ደንበኞቹ ላይ የአጠቃቀም ገደብ እንዳይጥልም ግዴታ ተጣለበት። እንግዲህ የተመረመረው መዋሐዱ ራሱ ሳይሆን መዘዙ ነው።

በሀገራችንም ለረጅም ዘመን የስልክ ደንበኛ የሚያንኳኳው በር አንድ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር ሁለተኛ በር ተከፈተ። በር ለመክፈት ይህን ያህል ዘመን ከፈጀ፥ የተከፈተው በውህደት እንዳይዘጋ መጠበቅ ብልኅነት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ውድድርን በእጅጉ የሚጎዳ ውህደትን የከለከለው ለዚህ ነው።

«እንዲህ ያለው ሕግ ነጋዴውን ያስፈራል፤ ካፒታልም እንዳይጠራቀም ያግዳል» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ጥቂት ገንዘብ ያላቸው ነጋዴዎች ተባብረው አክሲዮን ማኅበር ቢያቋቁሙ ዕቃ በጅምላ ያስመጣሉ፤ ወጪያቸው ይቀንሳል፤ ገዢውም ይጠቀማል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ቢያጓትት ወይም መመዘኛው ግልጽ ባይሆን ደግሞ መልካሙም ውህደት ይጨናገፋል። ሥጋቱ የሚወገደው ግን ሕጉን በመሻር አይደለም፤ መመዘኛው አስቀድሞ እንዲታወቅ፥ ውሳኔውም በቶሎና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ በማድረግ ነው።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ «ሁለት ድርጅቶች ተዋሐዱ» የሚል ዜና ስትሰማ ለማድነቅም ሆነ ለመንቀፍ አትቸኩል። ይልቁንስ ገዢው «እዚህ አልገዛም» ብሎ የሚሄድበት ሌላ በር ቀርቶለት እንደ ሆነ ጠይቅ። ከቀረለት ውህደቱ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ካልቀረለት ግን ሕግ ዝም ሊል አይገባም።