የቀረው አጥንትም ልምምድ ይፈልጋል

በክራንች የሚጫወቱትን የዓለም ዋንጫ የተከታተለ አለ? እ.ኤ.አ. በ2018 ሜክሲኮ ላይ አንጎላ ቱርክን በመለያ ምት ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። በ2022 ኢስታንቡል ላይ ቱርክ 4 ለ 1 ብድሯን መለሰች። አንጎላ ፈንጂ የብዙ ዜጎቿን እግር የቀማባት አገር ናት።

ነገሩ ለጎንደርና ለሰሜን ጎንደር ደጋ ሩቅ ወሬ አይደለም። እዚያ ልጅ እግሩን የሚያጣው በጥይትና በመኪና ብቻ አይደለም። ኳስ ሲጫወት ይሰበራል፣ ወጌሻ ጋ ይወሰዳል፣ እግሩ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ያብጣል፣ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፣ ጣቶቹ ይጠቁራሉ። ሆስፒታል ሲደርስ መቁረጥ ግድ ይሆናል። ታስሮ ጣቱ የቀዘቀዘ ወይም የደነዘዘ ልጅ ካለ ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታ፤ ለነገ አይባልም። (የክለቦቻችንንም የሕክምና ሰው «ወጌሻ» እንላለን፤ ልዩነቱ የክለቡ ወጌሻ ስብራት ከጠረጠረ አምቡላንስ መጥራቱ ነው።)

ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ግን ብዙም አናወራም። ከጉልበት በታች የተቆረጠ አጥንት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንደጻፈው አጥንት በሚሸከመው ጫና ልክ ይገነባል፣ ጫናው ሲቀር ይሳሳል። ሜዳ እንደራቀ ተጫዋች በሉት። በተለመደው ሰው ሠራሽ እግር ክብደቱን በዋናነት የሚቀበለው ከጉልበት ሎሚ ሥር ያለው ጅማትና የቅልጥሙ ዙሪያ እንጂ የተቆረጠው ጫፍ አይደለም። ስለዚህ ጫፉ ማዕድኑን ያጣል፣ ግድግዳው ይቀጥናል። በዚያው ወገን ያለው የጭን አጥንትም ይዳከማል።

ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በማደግ ላይ ያለ አጥንት በተቆረጠበት በኩል እንደ እሾህ ሾሎ ሊወጣ፣ ቆዳ እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። ያኔ ዳግም ቀዶ ጥገና ነው። ሰው ሠራሹ እግርም ያጥረዋል፣ ይጠበዋል፤ በየጊዜው መቀየር አለበት። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳር ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ደግሞ ከጎንደር ሌላ 180። የመሳፈሪያ ከየት ይምጣ? የጠበበው እግር ሲያሳምመው ልጁ ጥግ ይወረውረውና በክራንቹ ይሮጣል። አጥንቱም ሥራ ፈትቶ ይሳሳል።

የኳሱ ሕግ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። በክራንች ጨዋታ ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ መግባት ክልክል ነው፤ ስድስቱ በክራንች ይሮጣሉ፣ በረኛው አንድ እጅ የጎደለው ነው። ልብ፣ ትከሻና ደህናው እግር ይጠነክራሉ፤ የተቆረጠው ግን ሙሉውን ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው።

ጨዋታው ይቅር አልልም። እንዲያውም በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳላት ጎንደር ለእንዲህ ያለ ቡድን ደጋፊ አታጣም። ብቻ አሠልጣኙ ልጆቹ ከጨዋታ ውጭ ሰው ሠራሹን እግር አድርገው የሚራመዱበትን ሰዓት የልምምዱ ፕሮግራም ውስጥ ያስገባው። ለዚህ የሚሆን ባለሙያ እዚያው አለ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት ያስመርቃል።