ጥርስ ባዳ አይደለም

ባለፈው ሰሞን የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ይጽፋል። ያኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የእኔኑ አነጋገር እያስመሰለ ጓደኞቹን የሚያስቅ ልጅ ነበር፤ እንጀራውን ከዚያው ማግኘቱ ደስ ይለኛል። ትሁትም ነው። "ጋሼ፣ አዩልኝ ወይ?" አለኝ። "አየሁልህ" አልኩት። "እንዴት አገኙት?" "ሳቅሁ፤ ግን ቴሌቪዥኑን ሳጠፋው ሳቁም አብሮ ጠፋ።" ትንሽ ዝም አለና፣ "ጋሼ፣ ሕዝቡ እኮ ለቅሶው በቅቶታል፤ እኛ ጋ ሲመጣ እንኳ ይሳቅ እንጂ!" አለኝ።

ይህችን አባባል ስንቴ ሰማኋት! ከደራሲው ትሰማታላችሁ፣ ከአዘጋጁ ትሰማታላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ገንዘቡን ከሚከፍለው ስፖንሰር ትሰማታላችሁ። ሰው ጦርነት አይቷል፣ ኑሮ ንሮበታል፣ ልጁን አሰድዷል፤ ስለዚህ ኮሜዲ አጠገብ ሐዘን ድርሽ እንዳይል። ሲሰሙት ርኅራኄ ይመስላል። እኔ ግን ንቀት ነው እላለሁ።

ለቅሶ ቤት ሰንብቶ የሚያውቅ ሰው ይመስክርልኝ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ካርታው ወጥቶ፣ ቆሎው ተዘግኖ፣ ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽማግሌ የሟቹን ነገር ያነሳሉ። ሟቹ ሃያ አምስት ሳንቲም መልስ ቀርታበት ታክሲውን እስከ መጨረሻው ፌርማታ የተከተለ ሰው ነበር እንበል። ድንኳኑ በሳቅ ይናጋል። ሳቁ ከሴቶቹ ዘንድ ይደርሳል። ባለቤቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ያ መንቀጥቀጥ ሳይቆም፣ መቼ እንደተለወጠ ማንም ሳያውቅ፣ ለቅሶ ይሆናል። አልቃሽ ሟቹን ‹ጀግናው› እያለች ስታወድሰው ካለቀሰችው ይልቅ ይሄኛው ይበረታል። ለምን ቢሉ፣ ‹ጀግናው› ማንም ሊሆን ይችላል፤ ሃያ አምስት ሳንቲሙን ያሳደደው ግን እሱ ብቻ ነው።

እንዲህ ስናደርግ ታዲያ እናፍራለን። "ምን ይደረግ፣ ጥርስ ባዳ ነው" እንላለን። በሐዘን መሐል ስለመሳቃችን ይቅርታ የምንጠይቅባት አባባል ናት፤ ሆድ የቤት ልጅ ነው፣ ጥርስ ግን ሐዘኑ የማይመለከተው የውጭ ሰው። አባባሏን እወዳታለሁ፣ አላምንባትም። ጥርስ ባዳ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት በሳቁ በር ገብታ ለቅሶው ውስጥ ባልተገኘች ነበር። ተማሪዬና ስፖንሰሩ ግን ባዳ ነው ብለው አምነዋል፤ እንግዲህ ባዳ ከሆነ በባዳ ወግ እናስተናግደው፣ ሳሎን እናስቀምጠው፣ ወደ ጓዳ አይግባ ነው ነገሩ።

ኮሜዲ ቀላል ዕቃ ነው የሚለውስ ከየት መጣ? የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር እኮ የጀመረው በኮሜዲ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ ‹ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ›ን ሲያቀርቡ የዘመኑ አስተዳደር ብልሹነት በአውሬዎች አፍ ተነገረና ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። ቧልት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይደክምበት ነበር? በ1950ዎቹ ደግሞ መንግሥቱ ለማ ‹ጠልፎ በኪሴ›ንና ‹ያላቻ ጋብቻ›ን ሰጡን። ‹ያላቻ ጋብቻ› ተምሮ የመጣ የትልቅ ቤት ልጅ ገረዱን ሲያገባ የሚሆነውን ያሳያል። ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ልብ በሉ፤ በዘር በሚኮራው ቤተ ዘመድ ላይ ነው እንጂ በገረዷ ላይ አይደለም።

አሁን የዛሬውን ቴሌቪዥን ክፈቱ። ሠራተኛዋ አለች። ሥራዋ ቃል ማበላሸት ነው። ‹ፍሪጅ› ማለት አይሆንላትም፣ ስልክ አነጋገር አታውቅም፣ ከገጠር ይዛው የመጣችው አነጋገር በየደቂቃው ይሳቅበታል። ዘበኛውም አለ፤ ይተኛል፣ ይነቃል፣ ይሰደባል። የሚንተባተበው አለ። ወፍራሟ አለች። ሃያ ክፍል፣ ሠላሳ ክፍል፣ ሃምሳ ክፍል ያልፋል፤ ያቺ ልጅ እናቷን ካየች ስንት ዓመቷ እንደሆነ አንድም ሰው አይጠይቃትም። እኔ የምለው፣ ደመወዟን ወዴት ነው የምትልከው? ከስልሳ ዓመት በፊት መድረክ ላይ ሙሽራ የነበረችውን ሴት ወደ ማድ ቤት መልሰናት እየሳቅንባት ነው። ይህን ‹ሕዝቡን ማዝናናት› እንለዋለን። ሕዝቡ ማለት እኮ እሷም ናት፤ እሷም ማታ በሩ ሥር ቆማ ታያለች።

ሁሉንም በአንድ ዓይን አላይም። የቀልድ ሰው የነበረው አለባቸው ተካ በ‹አለቤ ሾው› የተቸገረ ሰው ይዞ ሲቀርብ በየሳሎኑ ስንት ሰው ዓይኑን ይጠርግ ነበር! ተመልካቹ ቻናል ቀይሮ አልሸሸም (መቀየሪያውም ብዙ አልነበረም ትሉኝ ይሆናል)።

ተማሪዬን በነቀፋ ብቻ አላሰናበትኩትም። ሦስት የውጭ ኮሜዲዎች እንዲያይ አዘዝኩት። የመጀመሪያው ‹ማሽ› ነው። በሲቢኤስ ከ1972 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. የታየ፣ በኮርያ ጦርነት ላይ ባለ ተንቀሳቃሽ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ውስጥ የሚካሄድ ተከታታይ ነው። ሐኪሞቹ ይጠጣሉ፣ አለቆቻቸውን ያሾፉባቸዋል፣ ቆስሎ የመጣውን ልጅ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰፉ ያድራሉ። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ነው የፈጀው፤ ኮሜዲው አሥራ አንድ። ጣቢያው እንደ ዘመኑ ልማድ የተቀዳ ሳቅ ይግባበት ብሎ ድርቅ አለ። አዘጋጆቹ ተከራክረው አንድ ነገር አስፈቀዱ፤ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ሳቅ አይገባም። ቀልዱ እዚያም ይቀጥላል፣ አንጀት እየሰፉ ይቀላለዳሉ፤ ሳቂታው ማሽን ግን ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ መሳቅና አለመሳቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

ይህን ተከታታይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ በመጣ የቪዲዮ ካሴት ያየሁት ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ የቃኘው ሰው ነበሩ። ወደ ኮርያ የመጀመሪያው ሻለቃ የተነሳው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው በሚቀጥለው ዓመት ሄዱ። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ የተማረከ አንድም የለም። አጎቴ ግን ስለ ሞት ነግረውን አያውቁም፤ የሚነግሩን ቀልድ ብቻ ነበር። ከሁሉ የምንወደው ‹የኮኩ ሰውዬ›ን ነው። ጓደኛቸው ጾም ነው ብሎ፣ ጽሑፉን ማንበብ ያልቻለውን የአሜሪካኖች ቆርቆሮ፣ ሥጋ ነው በሚል ግምት በሁለት ሲጋራ ለወጠው። ሲጋራ አያጨስም። ቆርቆሮው ሲከፈት በስኳር ውኃ የተዘፈዘፈ ኮክ ሆኖ ተገኘ። ለወጪው ኮኩን እየበላ፣ ‹የኮኩ ሰውዬ› ያላጨሰውን ሲጋራ ይዞ ቆሞ ሲያይ! ልጆች ሳለን በየበዓሉ አስደግመናቸዋል። በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የምንስቀው።

የሦስተኛው ዓመት መዝጊያ ላይ ደረስን፤ በመጋቢት 1975 እ.ኤ.አ. የታየው ነው። ርእሱ ‹አቢሲኒያ፣ ሄንሪ› ይላል። አጎቴ የአገራቸውን ስም ሲሰሙ ጆሯቸው ቆመ፤ ኋላ ነው ቃሉ በአሜሪካኖች የመንገድ ቋንቋ ‹ደህና ሁን፣ እንገናኛለን› እንደማለት መሆኑን ያስረዳኋቸው። ሄንሪ ብሌክ የሆስፒታሉ አዛዥ ነው፤ ደግ፣ ዝርክርክ፣ ፊርማውን ምን ላይ እንዳኖረ የማያውቅ ሰው። ግዳጁን ጨርሶ ወደ ሚስቱና ልጆቹ ሊሄድ ነው። ሙሉ ክፍሉ ስንብት ነው፤ ይሳቃል፣ ይጠጣል፣ ሄሊኮፕተሩ ይነሳል። ከዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል። ሬደር የሚባለው ትንሹ ጸሐፊ ይገባል። ሬደር በሦስት ዓመት ውስጥ ሥራው ወረቀት ማመላለስ፣ አለቃው ሳይጠራው ከች ማለት፣ ማሳቅ ነው። አሁንም ወረቀት ይዟል። የሄንሪ አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ ወደቀ፣ የተረፈ የለም ብሎ ያነባል። ሐኪሞቹ እጃቸው ቁስል ውስጥ ነው፤ ማቆም አይችሉም። አንድ መሣሪያ ሲወድቅ ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። ተዋንያኑ ያቺን የመጨረሻ ገጽ ያገኙት ልትቀረጽ ስትል ነው።

አጎቴ "ምን አለ?" አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። ቴሌቪዥኑን እያዩ፣ "ለኛም እንዲሁ ነው የነገሩን። የኮኩ ሰውዬ ጊዜ" አሉ።

አርባ ጊዜ የሳቅሁበት ሰው መሞቱን በዚያ ማታ ነው የሰማሁት። ከዚያ በኋላ አጎቴ ታሪኩን ነግረውናል፤ እኛም ስቀናል። አልቀለለም፣ አልከበደም፤ ሞላ።

ለተማሪዬ ላስረዳው የሞከርኩት ይህንን ነው። ብዙ ተመልካቾች ያኔ ተቆጥተው ለጣቢያው ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ‹ኮሜዲ ብለን ተቀምጠን ምን አደረጋችሁን› ብለው። ተከታታዩ ግን ስምንት ዓመት ቀጠለ፤ የካቲት 1983 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን ክፍል ወደ 106 ሚሊዮን የሚጠጋ አሜሪካዊ ቁጭ ብሎ አየው። በዚያ ክፍል ዋናው ቀልደኛ ሐኪም አእምሮው ታውኮ፣ አውቶቡስ ውስጥ የታፈነች ዶሮ ነበረች እያለ ያወራል፤ በመጨረሻ ዶሮ እንዳልነበረች ትዝ ይለዋል። ከዚህ አልፌ አልናገርም፤ ራሳችሁ እዩት። ሕዝቡ ለቅሶ በቅቶታል ያለ ማን ነበር?

ሁለተኛው የእንግሊዞቹ ‹ብላክአደር› ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የቀረበው የመጨረሻው ዙር፣ ስድስት ክፍል። ዋናው ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰን ነው፤ በሠፈራችን ‹ሚስተር ቢን› እያልን ፊቱን ብቻ አይተን የምንስቅለት ሰውዬ። እዚህ ግን አፍ አለው፤ መርዝ የሆነ አፍ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ሆኖ ወደ ጥይቱ ላለመውጣት የማይፈጥረው ዘዴ የለም። ቦልድሪክ የሚባል ወታደሩ በየክፍሉ "ዘዴ አለኝ" ይላል፣ ዘዴው የጅል ነው፣ ይሰደባል። በመጨረሻው ደቂቃ፣ ሊወጡ ሲሉ፣ ቦልድሪክ እንደገና ዘዴ አለኝ ይላል። የሚሰማበት ጊዜ የለም፤ አለቃውም በዚህች ሰዓት አይሰድበውም፣ ከእኔ ዘዴ ሳይሻል አይቀርም ይለዋል። ፉጨቱ ይነፋል፣ ይወጣሉ። ቀረጻው ጠባብ ቦታ ላይ ተሠርቶ ሳያምር ቀርቶ ነበር ይባላል፤ አርታኢዎቹ ምስሉን አዘገዩት፣ ሰዎቹን በጭሱ ውስጥ አጠፏቸው፣ በቦታቸው ቀይ አበባ የሞላበት ሜዳ አመጡ። ማንም አልመከረም። ጦርነት መጥፎ ነው ያለ ሰው የለም።

ሦስተኛውን ወጣቶቹ ያውቁታል፤ ዊል ስሚዝ በልጅነቱ የሠራው ‹ፍሬሽ ፕሪንስ›፣ ከ1990 እስከ 1996 እ.ኤ.አ.። ከሌሎቹ ሁለቱ ያንሳል፤ ቀልዱ አንዳንዴ የልጅ ነው። አጎቱ ቤት የሚያድግ ልጅ ታሪክ ግን ለእኛ ማስተርጎሚያ አያስፈልገውም፤ ስንቶቻችን በአጎት ቤት አድገናል። በ1994 እ.ኤ.አ. በታየ አንድ ክፍል ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ጥሎት የጠፋው አባቱ ይመጣል፣ ይዤህ እሄዳለሁ ይላል፣ ይቀራል። ልጁ እንደ ልማዱ ቀልድ ይጀምራል። አይሳካለትም። ያለ አባት የተማረውን መቁጠር ይይዛል፤ ጢም መላጨቱን፣ መኪና መንዳቱን። እዚያ ጋ አጎትየው ምን እንደሚያደርግ እዩ፤ ወፍራም ሰው ነው፣ በውፍረቱ ብዙ ተሹፎበታል። ያ ሰውነት ምን እንደሚያገለግል ያን ጊዜ ይገባችኋል።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እኛም ጋ ‹ልብ የሚነካ› ኮሜዲ የሚሠራ አይጠፋም። ሃያ አምስት ደቂቃ ያስቃል፤ ከዚያ ክራር ይገባል፣ አንዲት እናት ታማ ትመጣለች፣ አንድ ትልቅ ሰው ወደ ካሜራው ዞሮ ይመክራል። ሐዘኑ ከጎረቤት የተዋሱት ምጣድ ነው፤ ከቤቱ ዕቃ ጋር አይገጥምም። በሦስቱ ኮሜዲዎች ግን ያሳቀን ነገር ራሱ ነው የሚያስለቅሰን። መልእክተኛው መልእክት አመጣ። ባለዘዴው ዘዴ አለኝ አለ። ቀልደኛው ቀልድ አለቀበት። ሌላ የመጣ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ስነግረው ተማሪዬ ሰማኝ። "ስፖንሰሩ ዘይት ነው፣ ጋሼ፤ ሰው እያለቀሰ ዘይት አይገዛም" አለኝ። ለቅሶ ቤት ስንት ዘይት እንደሚያልቅ አያውቅም መሰለኝ። ሠራተኛዋ አንድ ቀን ከአገር ቤት ስልክ እንዲደወልላት አድርግ አልኩት፤ ያው እንዳበላሸችው ታውራ፣ ቃሉንም እንደለመደችው ታጣምመው፣ ማንም አያርማት። "እናስብበታለን" አለ። እናስብበታለን ማለት በቢሮ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ለእናንተ ግን አንድ አደራ። የነገርኳችሁን መጨረሻዎች ብቻ ቆርጣችሁ እንዳታዩ። ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ አሥር ማታ፣ ሃያ ማታ በከንቱ ሳቁ። ከሄንሪ ጋር ያልሳቀ ሰው ወረቀቱ ሲነበብ የማያውቀው ሰው መርዶ ነው የሚሰማው።

ልጁ ‹ማሽ›ን በፍላሽ ገልብጦ ወስዷል። ትናንት ደወልኩለት። "የተቀዳው ሳቅ በዛብኝ" አለኝ። "ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥስ?" አልኩት። ገና እያየ ነው።