«ሥራ» እና «የሥራ መደብ»፦ በማስታወቂያው ሠንጠረዥ ውስጥ የተሸሸገው ልዩነት

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጋዜጣና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚያወጡት የቅጥር ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ በሠንጠረዥ የሚቀርብ ሲሆን፣ ከዓምዶቹ መካከል የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ተፈላጊ ችሎታና ብዛት የሚሉት ይገኙበታል። አመልካቹ በቅድሚያ የሚመለከተው ደመወዙንና የተጠየቀውን የሥራ ልምድ ነው። «ብዛት» የሚለውን ጠባብ ዓምድ ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በሰው ሀብት አስተዳደር ውስጥ ሠራተኛውን ከአሠሪው ከሚያወዛግቡ ጉዳዮች የአብዛኞቹ ምንጭ የተቀመጠው እዚያው ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት «የሂሣብ ሠራተኛ፣ ብዛት 4» ብሎ ሲያስነግር የሚናገረው ስለ አንድ ሥራና ስለ አራት የሥራ መደቦች ነው። ሥራው የሚገለጸው በተግባሩ ዓይነት፣ በሚጠይቀው ዕውቀትና በኃላፊነቱ ክብደት ነው። መደቡ ግን በመዋቅሩ ላይ ያለ ቦታ ነው። በአንድ የተወሰነ ክፍል ሥር ይገኛል፤ ተጠሪነቱ ይታወቃል፤ በጀት ይያዝለታል። የራሱ የመደብ መታወቂያ ቁጥር የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ፣ ሲዛወር ወይም በሞት ሲለይ መደቡ ክፍት ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣውና በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1064 የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 የሥራ መደብን የተረጎመው፣ አንድ ሠራተኛ በሙሉ የሥራ ጊዜው እንዲያከናውናቸው ሥልጣን ባለው አካል የተሰጡ ተግባራትና ኃላፊነቶች ስብስብ አድርጎ ነበር። በትርጉሙ ውስጥ ክብደት ያለው «አንድ ሠራተኛ» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ፤ አንድ መደብ ግን ሁለት ሰው አይይዝም።

እርግጥ ነው፣ የቃላቱ አጠቃቀም በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ለስታትስቲክስ በሚገለገልበት ምደባ «ሥራ» የሚባለው በአንድ ሰው የሚከናወኑ ወይም እንዲከናወኑ የታሰቡ ተግባራት ስብስብ ነው። ይህ የእኛ የአስተዳደር ባለሙያ «መደብ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ስለሆነም የውጭ ሰነድ ይዘው ወደ አማርኛ የሚመልሱ ባለሙያዎች ቃሉን ሳይሆን የተሰጠውን ትርጉም መከተል ይኖርባቸዋል።

ደረጃን ከሰው ይልቅ ከመደብ ጋር የማያያዝ ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው የምደባ ሕግ ይህንኑ መንገድ የተከተለ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት የሥራ መደቦች ምደባ ሥርዓት ተዘርግቷል። በዕድሜ የገፉ የመንግሥት ሠራተኞች «ፕሣ» እና «ጽሂ» የሚሉትን የደረጃ ምልክቶች ያስታውሷቸዋል። አንድ ሠራተኛ «እኔ ፕሣ 6 ነኝ» ማለቱ የተለመደ ቢሆንም፣ በትክክል ሲነገር ፕሣ 6 የነበረው የተቀመጠበት መደብ ነበር።

የብዙ ሠራተኞች ቅሬታ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። በዲፕሎማ ተቀጥሮ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ለዓመታት ተምሮ፣ ከኪሱ ከፍሎ ዲግሪውን የያዘ ሠራተኛ የትምህርት ማስረጃውን ለሰው ሀብት ክፍል ያስገባል። ማስረጃው ከማኅደሩ ጋር ይያያዛል፤ ደመወዙ ግን ባለበት ይቆያል። ሠራተኛው ይህን እንደ በደል ይቆጥረዋል፤ ለዚህም ሊፈረድበት አይገባም። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የሚከፍለው መደቡ ለሚጠይቀው ችሎታ ነው፤ ከፍ ያለ መደብ ክፍት ሆኖ ተወዳድሮ እስካላሸነፈ ድረስ ዲግሪው ብቻውን ደረጃ አይለውጥም። ሁለቱም ከቆሙበት አንፃር ትክክል ናቸው። ጥፋቱ ያለው ልዩነቱን በቅጥሩ ቀን ሊነግረው የሚገባ ሰው አለመኖሩ ላይ ነው።

ለማነጻጸር ያህል የመምህራንን የደረጃ ዕድገት መመልከት ይቻላል። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህርና መሪ መምህር እያለ የሚወጣው መሰላል የሰው እንጂ የመደብ መሰላል አይደለም። መምህሩ የሚያስተምረው ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ማዕረጉ ግን አብሮት ያድጋል፤ ትምህርት ቤት ቢቀይርም ይዞት ይሄዳል። በጦር ኃይልና በዩኒቨርሲቲም ያለው አሠራር ከዚህ ይዛመዳል።

መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ሲተገበር ብዙ ሥራዎች ተጣምረው መጠሪያቸው ተለውጦ፣ ሠራተኛውም ለአዳዲሶቹ መደቦች እንዲወዳደር ተደርጎ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ደግሞ ሥራዎችን በነጥብ እየመዘነ በ22 ደረጃዎች የደለደለ ሲሆን፣ በደመወዝ ላይ የተተረጎመው በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ነው። የሚመዘነው ሥራው ነው። መዛኙ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው እያሰበ ነጥብ ከሰጠ፣ ሰውየው ሲለቅ የተጋነነው ደረጃ ለተተኪው ይተርፋል።

ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ሠራተኛ ሲቀነስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «የሠራተኞች ቅነሳ» የሚባለው ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሠራተኞችን፣ ከ10 ቀናት ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ የሚመለከት ሲሆን ነው። በዚህ ጊዜ የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ የምርት ውጤት ያላቸው ሠራተኞች በሥራቸው ላይ የመቆየት ቅድሚያ ያገኛሉ።

40 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ አራት ገንዘብ ያዦች ቢኖሩና አንዱ መደብ ቢሰረዝ ግን ቁጥሩ የቅነሳን ትርጉም አያሟላም። ሥራው አልቀረም፤ ሦስት ሰዎች እየሠሩት ነው። የተሰረዘው መደብ ነው። ታዲያ ከአራቱ የሚወጣው ማን ነው? አሠሪው «የተሰረዘው የእርስዎ መደብ ነው» የሚል ደብዳቤ ከጻፈ፣ መደብ የሰረዘ መስሎ ሰው መርጧል ማለት ይቻላል፤ አራቱን በአንድ መመዘኛ አወዳድሮ ከሆነ ግን የሚያቀርበው ማስረጃ ይኖረዋል። ስለሆነም ደብዳቤው የደረሰው ሠራተኛ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የተሰረዘው መደብ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ በመዋቅሩ ላይ መሰረዙ የጸደቀው መቼ እንደሆነና ሊዛወርበት የሚችል ክፍት መደብ መኖር አለመኖሩን ነው።