የታሰረውን መጠየቅ፣ ስለ ታሰረውም መጠየቅ

ጌታችን በፍርድ ቀን ከሚመረምረን ምግባራት አንዱ የታሰረውን መጠየቅ እንደ ሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተምረናል። አባቶቻችንና እናቶቻችንም ስንቅ ቋጥረው ወደ ወኅኒ ቤት ሲመላለሱ ኖረዋል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የሆነው ደግሞ፣ የታሰረውን የሚጠይቁ ሰዎች ስለ ታሰረውም መጠየቅ ሲጀምሩ ሕግ እስከ መለወጥ እንደሚደርስ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ፣ በከባድ ወንጀል ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው ሦስተኛው ወንጀሉ ማንም ያልተጎዳበት ስርቆት ቢሆን እንኳ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እንዲታሰር ያዝዝ ነበር። ሦስት የጎልፍ መጫወቻ ዘንጎች በሰረቀ ሰው ላይ የተጣለውን ይህንኑ ቅጣት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 አጽንቶታል።

ወደ 80,000 ሰው እንዲይዙ የተሠሩት ወኅኒ ቤቶችም እስከ 156,000 የሚደርስ ሰው አጨቁ። በስፖርት አዳራሾች ተደራራቢ አልጋ ተዘረጋ፤ እስከ 54 እስረኞች በአንድ መጸዳጃ ተገለገሉ። በሕክምና መጓደል ምክንያት ሊድን የሚችል አንድ እስረኛ በየስድስትና በየሰባት ቀኑ ይሞት እንደ ነበር በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የእስረኛው ቁጥር ከወኅኒ ቤቶቹ አቅም 137.5 በመቶ እንዳይበልጥ የተሰጠውን ትእዛዝ አጸና።

ጩኸቱ ግን የተጀመረው ከፍርድ ቤት አይደለም። በ1992 በሎስ አንጀለስ ልጆቻቸው የታሰሩባቸው እናቶች ማኅበር መሥርተው ችሎቶችን በአንድነት ይከታተሉ ነበር። ከእነርሱም በኋላ ሌሎች የታሳሪ ቤተሰቦች ተነሥተዋል። በ2012 ከመራጩ ሕዝብ ከሁለት ሦስተኛው የሚበልጠው የ1994ቱን ሕግ አለዘበው። በ2014 ደግሞ ከ950 ዶላር ያልበለጠ ስርቆት በቀላል ጥፋትነት እንዲታይ፣ ከእስር ወጪ የተረፈውም ገንዘብ ለሱስ ሕክምና፣ ለተማሪዎችና ለወንጀል ተጎጂዎች እንዲውል ተወሰነ።

ይሁን እንጂ በ2024 ያው ሕዝብ ተደጋጋሚ ስርቆትንና የአደገኛ ዕፅ ወንጀልን ዳግመኛ የሚያጠብቅ ሕግ በሰፊ ድምፅ አጸደቀ። ሱቁ የተዘረፈበት ሰው ሥጋት ሐሰት አይደለም። የእስረኛውን ቁጥር መቀነስ ብቻውን ሰላም አያመጣም፤ የተፈታው ሰው ሥራና መጠለያ፣ የተበደለውም ካሣና ሰሚ ጆሮ ካላገኘ የተከፈተው በር ተመልሶ ይዘጋል።

ለእኛ ለምእመናን የተተወው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የወደቀውን በንስሓ ታነሣለች እንጂ በወደቀበት አትተወውም፤ የተበደለውንም ዕንባ አትዘነጋም። በካሊፎርኒያ የሚገኙ አጥቢያዎቻችን ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደሉም። ከወኅኒ የወጣ ወንድም ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ በሐሜት ሳይሆን በሥራና በማረፊያ እንቀበለው፤ የተበደለውንም ቤተሰብ ሄደን እናጽናናው። ሕግ በምርጫ ድምፅ ይለዝባል፣ ይጠብቃልም፤ የታሰረውን የመጠየቅ ትእዛዝ ግን አይለወጥም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።