ቶርክ እና የጎደለው 48 ግራም



ሚድ ፈተና ሲደርስ በጀመዓችን ቱቶሪያል ላይ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የድሮ ፈተና ይባዛል፤ «ቶርክ ማለት ፎርስ ሲባዛ በርቀት» ይባላል፤ ቁጥር ይተካል፤ ያልቃል። ባለፈው ሴሚስተር እኔም እንዲሁ ነው ያስጠናሁት። አንድ የፍሬሽማን ወንድም «ርቀቱ ከየት እስከ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ፎርሙላውን ከመድገም ሌላ መልስ አጣሁ።

መልሱ ይህ ነበር። ርቀቱ የሚለካው ዕቃው ከሚዞርበት ነጥብ ተነስቶ ፎርሱ እስከሚያልፍበት መስመር ነው፤ መስመሩንም በ90 ዲግሪ ማግኘት አለበት። 25 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም የብሎን መፍቻ ጫፍ ላይ በ200 ኒውተን ቀጥ አድርገን ብንጫን፣ 0.25 ሲባዛ በ200፣ 50 ኒውተን ሜትር እናገኛለን። በዚያው ጉልበት ከመፍቻው ጋር 30 ዲግሪ በሚሠራ አቅጣጫ ብንስብ ግን ርቀቱ በግማሽ ያጥራል፤ ቶርኩም 25 ብቻ ይሆናል።

«ይህ ከፈተና ውጪ ምን ይሠራልናል?» ለሚል ሰው ባለ ሁለት ሳህኑን የገበያ ሚዛን ላሳየው። በድንጋዩ በኩል ያለው ክንድ 20፣ በዕቃው በኩል ያለው 21 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሚዛኑ ቀጥ የሚለው የሁለቱ ወገን ቶርክ እኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ የ1 ኪሎ ድንጋይ የሚያመጣጥነው 952 ግራም ዕቃ ብቻ ነው። ገዢው በየኪሎው 48 ግራም አጣ ማለት ነው። በአጭሩ ክንድ በኩል ያለው ሳህን ትንሽ ከበድ ተደርጎ ከተሠራ ደግሞ ባዶው ሚዛን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ማንም አይጠረጥርም። ማጋለጫው ቀላል ነው፤ ድንጋዩንና ዕቃውን ቦታ አቀያይሮ እንደገና መመዘን።

ሱረቱል ሙጠፊፊንን በልጅነታችን ሐፍዘናል። ሚዛን የሚያጎድሉትን እንደሚያስጠነቅቅም እናውቃለን። ጉድለቱ እንዴት እንደሚፈጸም በግራም አስልቶ የሚያሳየን ግን «የዱንያ ትምህርት ነው» ብለን በሽምደዳ የምናልፈው ሜካኒክስ ነው። የቀደሙት እንዲህ አልከፋፈሉትም። ዐብዱረሕማን አል-ኻዚኒ በ515 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1121) «ሚዛኑል ሒክማ» የተሰኘ ሙሉ ኪታብ ስለ ሚዛን ጽፏል። ንጹሕ ወርቅ ከተቀላቀለው የሚለይበትን መንገድም አስተምሮበታል።

ጊዜ የለም የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ፈተናው ቅርብ ነው። ነገር ግን ቁርኣን ቤት ሳለን ኡስታዛችን የአንድ ሐርፍ መኽረጅ ካልተስተካከለ ወደ ቀጣዩ አያ አያሳልፈንም ነበር። ያኔ የዘገየን መስሎን ነበር፤ ዛሬ ግን የቀረልን ያ ነው። ነገ ድልድይና ክሬን የሚሠራ ሰው ርቀቱን ከየት እንደሚለካ ሳያውቅ ቢመረቅ ጉዳቱ ከ48 ግራም ይበልጣል፤ የሰው ነፍስም አማና ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቱቶሪያል የድሮው ፈተና ከመከፈቱ በፊት አንድ ማስመሪያ፣ ክርና ሁለት ክዳን ይዘን እንምጣ። ሚዛኑን በእጃችን ሠርተን፣ ክንዱን አሳጥረንና አስረዝመን እንየው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ የዚያ ወንድም ጥያቄም ኢንሻአላህ ያኔ ይመለሳል።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም።