ስድስት ሲኒ

ዕጣው የወጣላቸው ቀን ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ጎረቤታችን የነበሩት እናት ናቸው፤ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ እንጀራ እየሸጡ ሲቆጥቡ ኖረው የኮንዶሚኒየም ባለቤት ሆኑ። ቁልፉን የተረከቡ ዕለት ማተባቸው ላይ አስረውት እንዳደሩ ነግረውኛል።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከገቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ደርድረው ሁለቱን ብቻ ቀዱ። ሌሎቹን ለምን እንዳወጧቸው ብጠይቅ «ረከቦቱ ባዶ ሲሆን ሆድ ይብሰኛል ልጄ» አሉኝ። ቶናው እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ዞር አሉ። ጎረቤቶቹ ክፉ አይደሉም፤ ደረጃ ላይ ሰላም ይሏቸዋል። ስማቸውን የሚያውቅ ግን የለም። ዕድራቸውን እስከ ዛሬ አልቀየሩም፤ በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው የድሮው ሰፈር መጥተው ይከፍላሉ። «የሚያውቀኝ ይቅበረኝ» ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ትዝ አለኝ። ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ 22 ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን ሰዎች ጠይቀው ነበር። ባለ ዕድሎቹ ከሌላው ሰው ይህ ነው የሚባል የደስታ ብልጫ አልተገኘባቸውም፤ ይልቁንም ቁርስ መብላት፣ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት የመሰለው የዕለት ተዕለት ነገር ከሌላው ያነሰ ነበር የሚያስደስታቸው። 22 ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ አያስወራም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ጥናት ግን እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ 724 ወንዶችን ዕድሜ ልካቸውን ሲከታተል ኖሯል። በ50 ዓመታቸው ከቅርብ ሰዎቻቸው ጋር ደህና የነበሩት በ80 ዓመታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ጤነኞች ሆነው ተገኙ።

ይህን ይዞ «ቤት ደስታ አይሆንም» የሚል ሰው ካለ አልስማማም። እኚህ እናት ሃያ ክረምት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሳፋ ሲደቅኑ ኖረዋል። ዛሬም ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ከፍተው ቆመው ያዳምጣሉ። ይህ ደስታ በአራት ዓመት አልደበዘዘም። የደበዘዘው የአዲሱ ሴራሚክ፣ የአዲሱ መጋረጃ ደስታ ነው፤ እሱን ዓይን ቶሎ ይለምደዋል።

የሚቆጨኝ የዕጣው አወጣጥ ነው። ሰውን አንድ በአንድ እየመዘዘ ይበትናል። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ፣ ልጅ ያሳደጉና ሬሳ የሸኙ ሴቶች አንዷ ምሥራቅ፣ አንዷ ምዕራብ ዳር ትደርሳለች። የሚፈልጉ ጎረቤታሞች አምስትም ስድስትም ሆነው በአንድ ዕጣ አንድ ሕንጻ ላይ እንዲገቡ ቢፈቀድ ምን ይጎድል ነበር? በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ለከብት ማረጃና ለድግስ የጋራ ቤት የሠራ መሐንዲስ አብሮ መብላታችንን አስቦልናል። ዕጣ አውጪውም ይህን ያህል ቢያስብ ምናለ!

በረካውን ጠጥቼ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ከተዘጋ በር ውስጥ ቡና ሲቆላ ሸተተኝ። ተመልሼ ወጥቼ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ፈለጉ።